ለልጆቹ የተሰጠች ሰዓት

ሸህ እንድሪስ ወደ አኼራ መሄዳቸውን የነገረኝ አንድ የሐርቡ ሰው ነው። ሰኞ ገበያ ወዳለችው የልብስ ስፌት ሱቄ ሱሪ ሊያሰፋ መጥቶ፣ ወገቡን እየለካሁት ሳለ፣ ስለ ገበያው እንደሚያወራ ሁሉ፣ «እኛ ዘንድ የነበሩትን ሸህ ባለፈው ጁምዓ ቀበርናቸው» አለኝ። የትኛውን ሸህ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም። የሰውዬውን ወገብ ለካሁ፣ ልኩ ጠፋኝ፤ ደግሜ ለካሁ፣ አሁንም ጠፋኝ። በመጨረሻ ነገ ና ብዬ ሸኘሁት።

ከመሄዱ በፊት ማን እንደ ቀበራቸው ጠይቄው ነበር። ጎረቤት ነው አለኝ፤ የተገነዙበትን ከፈንም የገዛው ጎረቤት ነው። ዘመድ የላቸውም እንዴ ብሎ ደግሞ እሱ መልሶ ጠየቀኝ። ምን ልበለው? የሚስታቸው ወንድም ነኝ፣ ሚስታቸውም ከዚህ ሱቅ ጀርባ ቤቴ ውስጥ አለች ማለት ከበደኝ። አላውቅም አልኩት።

ሸህ እንድሪስ የእህቴ የዘይነባ ባል ነበሩ። አልተፋቱም፤ ግን ባልና ሚስትነታቸው ከሞታቸው ብዙ ዘመን ቀድሞ አልቋል። እኔ በሕይወቴ ብዙ ሰው ለክቻለሁ፤ ደጉንም ክፉውንም፣ ወፍራሙንም ቀጭኑንም። እንደ እኒህ ሰው ግን ያናደደኝም፣ አንጀቴን የበላውም የለም። ስለ እሳቸው ስናገር ድምፄ የሚጮኸው ለዚህ ነው፤ አፉ በሉኝ።

ከእህቴ ጋር ሲጋቡ፣ ከሰኞ ገበያ ጀርባ ባለች ሰፊ ግቢ ደረሳ ያስቀሩ ነበር። ደረሳ ማለት ኪታብ ሊቀራ፣ ሃይማኖት ሊማር፣ ከሩቅ አገር የመጣ ተማሪ ነው። አንዳንዱ ከራያ፣ አንዳንዱ ከአርጎባ ይመጣል፤ አንዳንዱ ከየት እንደ መጣ ራሱም በቅጡ አይናገርም። ግቢው ውስጥ ጎጆ ቀልሰው ያድራሉ፣ ጎረቤት ያበላቸዋል፤ ጎረቤት ሲሰለች ደግሞ ዘይነባ ታበላቸዋለች። ጎረቤት ደግሞ ቶሎ ይሰለቻል። እህቴ አንድ ቀን፣ ያገባሁት አንድ ሰው ነው፣ የማበላው ግን ሠራዊት ነው ብላ ስቃለች። ያኔ ትስቅ ነበር።

ሸህ እንድሪስ ረዥምና ቀጭን ናቸው፤ ልብስ ስሰፋላቸው ሁልጊዜ ጨርቁ በቁመት ያጥረኛል፣ በወርድ ይተርፈኛል። ደረሳው ፊታቸው ተቀምጦ ሲያነብ ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጣሉ። ሲሳሳት አይቆጡም፣ አይማቱም፤ የጆሯቸውን ጫፍ ብቻ ይነካሉ። ጆሯቸውን የነኩበት ደረሳ መስመሩን ከመጀመሪያው ይጀምራል። ታላቁ ልጃቸው ሰይድ ገና አፉን ሳይፈታ ጀምሮ የሚውለው በግራ ጉልበታቸው ላይ ነው። ልጁ ታዲያ የአባቱን ጆሮ መጎተት ለመደና፣ በሰለቸው ቁጥር ይጎትታል። ምስኪኑ ደረሳም የተሳሳተ እየመሰለው አንዱን መስመር ሲደጋግም ይውላል። ሸህ እንድሪስ ይህን ሲያዩ በሳቅ ዓይናቸው እንባ ይሞላ ነበር።

ደረሳም ልጅም አደራ ነው የሚሉት ንግግር ነበራቸው። ደረሳ የሰው አደራ፣ ልጅ የአላህ አደራ። እኔም ነገር ማንሳት ስለምወድ፣ ታዲያ የቱ ይበልጣል ብያቸው ነበር። አደራ አይበላለጥም አሉኝ። ሁለት ወዶ አይሆንም የሚለውን ተረት ብጠቅስባቸው ደግሞ፣ እሱ ለገበያ ነው ብለው ዘጉኝ።

ግን እውነቱን ለመናገር ሁለቱንም ለመያዝ እንደ እሳቸው የታገለ ሰው አላየሁም። ሁለተኛው ልጃቸው አሊ የተወለደ ዕለት፣ በተስቦ የሞተ ደረሳ ጀናዛ እያጠቡ ነበር። ወንድ ተወለደ ተብሎ ሲላክባቸው ሥራቸውን ጨርሰው፣ ደረሳውን አፈር አልብሰው፣ ገላቸውን ታጥበው መጡ። በአራሱ ልጅ ጆሮም አዛን አሰሙ። አንዱን ጆሮ ለአፈር ሰጥቼ ነው ወደዚህኛው የመጣሁት ብለው ለእህቴ ነግረዋታል። ዘይነባ በዚህ ቅር አላላትም፤ እኔ ነኝ ቅር ያለኝ።

ጣሊያን ደሴን ከያዘ በኋላ ነገሩ ተበላሸ። ፒያሳን ሲያበጁ፣ መንገድ ሲያሰፉ፣ የሸህ እንድሪስ ግቢ ፈረሰ። ተነሱ ተባለ፣ ተነሡ። በዚያ ጊዜ ደሴ ውስጥ ሥራ ፈቶ የቆመ ጎረምሳ ወይ ለድንጋይ ፈለጣ ካሚዮን ላይ ይጫናል፣ ወይ ጠመንጃ ተሰጥቶት ባንዳ ይሆናል። ደረሶቹም መበታተን ጀመሩ። ይህን የሰማ አንድ የሐርቡ ባለርስት፣ ከኮምቦልቻ በታች ቆላው ላይ፣ ከመስኖ ቦይ አጠገብ ያለች መሬት ለአላህ ብሎ ሰጣቸው። ሸህ እንድሪስ የቀሩትን ደረሶች ይዘው ወረዱ። እህቴና ልጆቹ እኔ ዘንድ ደሴ ቀሩ።

ያ ክረምት እንዴት እንዳለፈ ሳስበው ይደክመኛል። ሐሙስ ማታ ከሐርቡ መጥተው ደሴ ይደርሳሉ፣ ጁምዓን ከቤተሰብ ጋር ይውላሉ፣ ቅዳሜ ጎህ ሲቀድ ተመልሰው ይወርዳሉ። አንዳንዴ ደግ ሹፌር ካገኙ ከኮምቦልቻ በካሚዮን ይመጣሉ፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን በእግራቸው ነው፣ ያንን ሁሉ ዳገት፣ በዝናብ። ቤት ሲገቡ ጭቃቸውን ሳይታጠቡ እንቅልፍ ይጥላቸዋል። ልጆቹ ዙሪያቸውን ከብበው የተኛ አባት ያያሉ። ሲነቁ ደግሞ የጁምዓ ሶላት ደርሷል፣ ከሶላት መልስ ፈትዋ የሚጠይቅ ሰው ደጅ ሞልቷል።

ትንሿ ልጅ መዲና፣ አባቷ ሲወርዱ ገና መራመድ መጀመሯ ነበር። ክረምቱ ሊያልቅ ሲል አንድ ሐሙስ ሸህ እንድሪስ መጡ፤ እኔም ቤት ነበርኩ። ዘይነባ ልጅቷን፣ ሂጂ አባትሽ ጋ ብላ ገፋ አደረገቻት። መዲና ሄደች። ከፊታቸው ቆመች፣ ጎንበስ አለች፣ እንግዶችና ደረሶች ሲያደርጉ እንዳየችው እጃቸውን ሳመች፤ ከዚያ ሮጣ ከእናቷ ቀሚስ ጀርባ ተደበቀች። ወንድሞቿ ሳቁ፣ እኔም መሳቄን አልደብቅም። ሸህ እንድሪስ ግን አልሳቁም። የተሳመች እጃቸውን ይዘው ብዙ ጊዜ ተቀመጡ። በዚያ ማታ እህል አልቀመሱም።

በማግሥቱ ሱቄ ድረስ መጥተው ቤተሰባቸውን ይዘው ሐርቡ ሊወርዱ መሆኑን ነገሩኝ። እጄ ላይ የነበረውን ጨርቅ ጣልኩት።

«ሸህዬ፣ መስከረም ነው የሚመጣው፣ የንዳድ ወር» አልኳቸው።

«አውቃለሁ ሁሴን።»

«ኅዳር እስኪገባ ይቆዩ። ልጆቹ እኔ ዘንድ ምን ጎደለባቸው?»

«አባት» አሉ።

ይህን ሲሉኝ አልተቆጡም። የቲም ማለት አባቱ የሞተበት ልጅ ነው፣ አባቱ እያለ የቲም ስላደረግሁት ልጅ ቂያማ ቀን ስጠየቅ ምን እላለሁ አሉኝ። እንግዲያ ደረሶቹን ለሌላ ሸህ ይስጡና ደሴ ይቀመጡ አልኳቸው። የሚቀበል ሸህ እንደሌለ፣ ሸሁ ሁሉ የራሱን ደረሳ ማብላት እንዳቃተው፣ ቢበትኗቸው ሳምንት ሳይሞላ ግማሾቹን በጣሊያን ካሚዮን ላይ እንደማያቸው ነገሩኝ። እነርሱንም እናት ናት የወለደቻቸው አሉ። እህቴ እንቢ ትላለች ብዬ ተስፋ አድርጌ ቤት ብሄድ፣ ዕቃዋን ስትጠቀልል አገኘኋት።

«ጋሼ፣ ለልጆቹ ብቻ አይደለም» አለችኝ ቀና ሳትል። «እኔም ባሌ ናፍቆኛል።»

እንደዚህ ላለች ሴት ምን ይባላል? ጓዟን ተሸክሜ ኮምቦልቻ ድረስ ሸኘኋት።

ንዳድን የሚፈራ ደገኛ ሁሉ የሚያውቀውን ሸህ እንድሪስም ያውቃሉ። ዛሬ ወባ የምንለውን ያኔ ንዳድ ነበር የምንለው። ክረምቱ ሲወጣ ቆላ ያደረ ደገኛ ይታመማል፤ ስለዚህ ነጋዴው ቀን ወርዶ ሳይመሽ ወደ ደጋ ይሸሻል። ንዳድን የሚያመጣው ምንድን ነው ከተባለ ደግሞ መልስ ያልነበረው ሰው የለም። የበቆሎ እሸት ነው፣ ሸንኮራ ነው፣ የቀትር ፀሐይ ነው፣ ዝናብ ካባራ በኋላ ከመሬት የሚነሳው ሽታ ነው እንላለን። ሸህ እንድሪስ ሁሉንም አምነው ሁሉንም ከለከሉ። ቤታቸውን ከፍ ካለች ጉብታ ላይ አሠሩ። ልጆቹ በቀትር ከቤት ወጥተው አያውቁም። የበቆሎ እሸት ግቢው እንዳይገባ ተከለከለ፤ ደረሶቹ እሸት ሲያምራቸው ተደብቀው ከወንዙ ማዶ ሄደው ነበር የሚበሉት።

መስከረም አጋማሽ ላይ ልጠይቃቸው ወረድኩ። እንዲያ ደስ ብሏቸው አገኛቸዋለሁ ብዬ አላሰብኩም። ሸህ እንድሪስ አንድ ሥርዓት አውጥተው ነበር፤ ፀሐይ ስትጠልቅ ከሚሰገደው ከመግሪብ ሶላት እስከ ማታው ኢሻ ያለችው ሰዓት የልጆቹ ናት። ኪታብ በሚቀራበት በየትኛውም ሐሪማ ቢሆን ይህች ሰዓት ለቂርዓት ከሁሉ የተመረጠች ናት፤ ደረሶቹም አጉረምርመዋል። እሳቸው ግን አልሰሟቸውም። በዚያች ሰዓት ኪታብ ይዞ ወደ እሳቸው የመጣ ደረሳ፣ ፂም ያወጣ ቢሆን እንኳ፣ በግልምጫ ይመለሳል።

ቀኑን ሙሉ ቤት ውስጥ ታፍነው የዋሉት ልጆች አየሩ ቀዝቀዝ ሲል ይለቀቃሉ። ከጉብታው ሥር፣ ከቦይዋ አጠገብ፣ አንዲት ሾላ አለች፤ ነፋሻ ናት። አባታቸው እዚያ ቁርበት አንጥፈው ይቀመጡና ሰይድ በአንድ ጉልበት፣ አሊ በሌላው፣ መዲና መሐል ትሆናለች። እኔ በሄድኩ ጊዜ የነቢዩ ኑሕን መርከብ እየተረኩላቸው ነበር። አሊ፣ ጅብም ገባ ወይ ብሎ ጠየቀ። ገባ አሉት። ከአህያዋ ጋር አንድ ላይ? አለ። አብረው ገቡ ሲሉት ልጁ ለአህያዋ ተጨንቆ ሊያለቅስ ደረሰ፤ ታሪኩ አህያዋን ለማዳን ሲባል መንገዱን ሳተ። ዘይነባ ከጎናቸው ተቀምጣ የመዲናን ፀጉር ትሠራለች። ቢምቢ ሲጮህባቸው ሸህ እንድሪስ በጋቢያቸው ጫፍ እሽ ይላሉ። እኔም የደሴ ሰው ነኝና፣ ይህ ቢምቢያችሁስ ብዬ አማርሬ፣ አንገቴን እያከኩ እስከ ኢሻ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። መዲናም በዚያ ማታ የአባቷን ጢም ይዛ ተኛች።

ዛሬ ትምህርት ቤት ደጃፍ ያልረገጠ ልጅ እንኳ ወባን የምታመጣው ቢምቢ መሆኗን ያውቃል። ፀሐይ ስትጠልቅ ከቦይና ከረግረግ እንደምትነሳ ያውቃል። እኛ አናውቅም ነበር። ያን ጊዜ ቢምቢ ታናድዳለች እንጂ ትገድላለች ያለ አልነበረም። ሸህ እንድሪስ ልጆቻቸውን ከእሸት፣ ከፀሐይ፣ ከመሬት ሽታ ጠብቀው፣ ከሰዓታቸው ሁሉ የተሻለችውን መርጠው ሰጧቸው፤ ያቺው ሰዓት ናት የገደለቻቸው።

ጥቅምት ሲገባ አንድ ሹፌር ሱቄ ደጃፍ ካሚዮኑን አቁሞ፣ የሸሁ ልጅ ታሟልና ቶሎ ድረስ ብለውሃል አለኝ። ኮምቦልቻ ላይ ጣሊያኖች ኪኒን የሚሰጡበት ቤት ነበራቸው። ሰይድን ደረሶቹ በቃሬዛ ተሸክመው ወደዚያ እያመጡት ነው ስለተባልኩ፣ ኮምቦልቻ ወርጄ ከመንገዱ ዳር ጠበቅኋቸው። ከሩቅ ሳያቸው የቃሬዛው አያያዝ ነገረኝ። የታመመ የያዘ ሰው ይቻኮላል፤ እነርሱ ቀስ ብለው ነበር የሚራመዱት። ሸህ እንድሪስ ከኋላ አሊን አዝለው ይከተላሉ። አሊም ጀርባቸው ላይ ይንቀጠቀጣል።

አሊ ኪኒን አግኝቶ ሐርቡ ተመለስን። ግን በአፉ የገባውን ሁሉ ይመልሰው ነበር፤ የወንድሙ ሐዘን ሳይነሳ እሱም ተከተለ። መዲናንም ያዛት፣ እሷ ግን ተረፈች። ለምን እሷ እንደ ተረፈች የሚያውቅ አላህ ብቻ ነው። ደረሶቹ ከጠዋት እስከ ማታ ያሲን ይቀራሉ፤ ሸህ እንድሪስ ሁለቱንም ልጆች በገዛ እጃቸው አጠቡ። ስንቱን ደረሳ ያጠበ እጅ ነው። አሊን ሲያጥቡ ግን ማሰሮው ከእጃቸው አመለጠ፤ ሌላ ሰው ውሃ እንዲያፈስላቸው ጠየቁ።

እህቴ አላለቀሰችም። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል፤ እሷ ግን እንባዋ የት እንደ ገባ እንጃ። አሊን በቀበርን በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ወደ ቦይዋ ጠርታኝ፣ ልጆቼን የገደልኳቸው እኔ ነኝ አለችኝ። አንዲት ጎረቤት የበቆሎ እሸት ጠብሳ ሰጥታት ኖሯል። ልጆቹ ሽታው ሲያውዳቸው እግሯን ይዘው ለመኗት፤ አባታቸው ሳያዩ ቆርሳ ሰጠቻቸው። መዲና ጥርሷ ገና ስለሆነ አልበላችም። እንግዲህ ሁሉም ነገር ይገጥማል ማለት ነው፤ የበሉት ሞቱ፣ ያልበላችው ተረፈች። እኔም አመንኩ። እንዴት አላምንም?

ለባሏም ነገረቻቸው። እኔ እዚያው ነበርኩ። ሸህ እንድሪስ «የአላህ ውሳኔ ነው» አሉ። ትክክለኛ ቃል ነው፤ ማንም ሸህ የሚለው ነው። ዘይነባ ግን ሌላ ቃል ስትጠብቅ ፊታቸውን ፊታቸውን ታይ ነበር። አንቺ አይደለሽም እንዲሏት ነበር የፈለገችው። አላሉም። እኒያ ሰው መዋሸት አያውቁበትም፤ እሷ መሆኗን አምነው ነበር።

እህቴንና መዲናን ይዤ ደሴ ወጣሁ። ጥቂት ቆይቶ ሸህ እንድሪስም ተከተሉን። ደረሶቹን አሰናብተው፣ ቂርዓት ዘግተው፣ በቃ የአንዲት ልጄ አባት እሆናለሁ ብለው መጡ። እኔ ስለምናቸው ያላደረጉትን፣ ሁለቱ ልጆች ከሄዱ በኋላ አደረጉት። የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም።

ቤቴ ውስጥ የሆነውን መናገር ያሳፍረኛል። ጠብ አልነበረም፣ ክፉ ቃል አልነበረም። ጠዋት ተነሥተው ደጃፍ ላይ ይቀመጣሉ፤ ማታም እዚያው ናቸው። መዲናን ወደ ጉልበታቸው አይጠሯትም። እሷ ስትቀርባቸው እጃቸውን ይሰበስባሉ፤ የሚወዱት ነገር ሁሉ ከእጃቸው የሚሞት ይመስላቸው ነበር መሰለኝ። ዘይነባ ምግብ ታቀርባለች፣ ያመሰግናሉ፣ ይበላሉ፤ ከዚያ በቀር ቃል አይለዋወጡም። አንድ ቀን እህቴ ሳህኑን እንደያዘች ከፊታቸው ቆመች።

«እርስዎ ይሂዱ» አለቻቸው። «እኔን ባዩ ቁጥር በቆሎውን ነው የሚያዩት። እኔም እርስዎን ባየሁ ቁጥር ልጆቼን ነው የማየው። በዚህ ዓይነት መዲናን አናሳድጋትም።»

አልተከራከሯትም። ጋቢያቸውን አጣፍተው ተነሡ። ከደጃፉ ዞር ብለው፣ «አፉ በይኝ» አሏት። እሷም ባንገቷ ብቻ መለሰች።

ሐርቡ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ደረሳ አልነበረም። የተወሰኑት መንገድ ሥራ ገብተዋል፤ አንዱን እኔው ራሴ ፒያሳ ላይ ጠመንጃ አንግቶ አየሁት። ሰላም ብሎኝ ሸህዬ ደህና ናቸው ወይ ብሎ ሲጠይቀኝ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ ነበር። ሁለቱም አደራ እንዲህ ሆነ። ጣሊያንም ሄደ፣ ዘመኑም ተለወጠ፤ ሸህ እንድሪስ ግን ከዚያ ወዲያ ኪታብ አላስቀሩም። ያስተምሩልን እያሉ ልጆቻቸውን ያመጡላቸው ወላጆች ነበሩ፤ እኔ ልጅ አልረከብም እያሉ መለሱ። የመንደሩን ጀናዛ ያጥባሉ፤ በዚያች ሥራ ኖሩ። መዲና አድጋ ኮምቦልቻ ስታገባ ለኒካሑ መጥተው ነበር። ከወንዶቹ መሐል ተቀምጠው ዱዓ አድርገው፣ ምሳ ሳይቀርብ ሄዱ።

ብዙ ዓመት አልፎ ዲዲቲ የሚረጩት የወባ ሠራተኞች ወደ ቆላው ወረዱ። ኮምቦልቻ የመዲና ቤት ሲረጭ እህቴ እዚያ ነበረች፤ ሠራተኞቹ ሰዉን ሰብስበው የቢምቢዋን ነገር ሲያስረዱ ሰምታለች። ወደ ደሴ ስትመለስ ምንም አልነገረችኝም፤ የነገረችኝ መዲና ናት። እናቴ ሰምታ ስታበቃ ግድግዳውን ይዛ ቆመች አለችኝ። እኔ ሞኙ ደስ አለኝ። በቆሎው አለመሆኑ ከታወቀ እነዚህ ሰዎች ይታረቃሉ ብዬ በሳምንቱ ሐርቡ ወረድኩ።

ሸህ እንድሪስ ከቤታቸው ጥግ ተቀምጠው አገኘኋቸው። ግድግዳው የመድኃኒቱ ነጭ ነጠብጣብ አለበት። ወሬውን እንዴት እንደምጀምር ሳወጣ ሳወርድ እሳቸው ቀደሙኝ።

«እኔ ዘንድ የመጣው ልጅ እግር ነው» አሉኝ። «ሥራውን ሲጨርስ መከረኝ። ፀሐይ ስትጠልቅ ልጆችዎን ውጭ ይዘው አይቀመጡ አለኝ። ልጅ የለኝም አልኩት።»

ዘይነባ በቆሎው አለመሆኑን ሰምታ እንደሆነ ጠየቁኝ። ሰምታለች አልኳቸው። እንኳን ሰማች አሉ። ስለ ሰዓቲቱስ አንስታ ታውቃለች ወይ አሉኝ። አላነሳችም አልኳቸው፤ እውነቴን ነው። እንዳታስበው ዱዓ አድርግላት አሉኝ። ይነሡና አብረን እንውጣ ብዬ እጃቸውን ያዝኩ።

«ወጥቼ ምን እላታለሁ? አንቺ አይደለሽም ልበላት? እሱን ያኔ ነበር የምላት» አሉኝ።

እጃቸውን ቀስ ብለው ከእጄ አወጡ። ብቻዬን ተመለስኩ። በሕይወት ያየኋቸው ያኔ ለመጨረሻ ጊዜ ነው።

እንግዲህ የሐርቡን ሰውዬ ከሸኘሁ በኋላ ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት ገባሁ። እህቴ ምስር እየለቀመች ነበር። አሮጊት ሆናለች፤ ዓይኗም ደክሟል፣ ድንጋዩን በጣቷ እየዳሰሰች ነው የምታወጣው። አጠገቧ ተቀመጥኩና ነገርኳት። ኢና ሊላሂ ወኢና ኢለይሂ ራጂዑን አለች። ሰፌዱን ከጉልበቷ አውርዳ መሬት ላይ አስቀመጠች። ማን እንደ ቀበራቸው ጠየቀችኝ፣ ነገርኳት። ምን አሟቸው ነበር አለችኝ፣ አላውቅም አልኳት። አለቀ ብዬ ልነሣ ስል ክንዴን ያዘችኝ።

«ጋሼ፣ የቢምቢዋን ነገር ሰምተው ነበር?» አለችኝ። «ያቺ ሰዓት መሆኗን አውቀው ነው የሞቱት?»

ያን ጊዜ ገባኝ። ከኮምቦልቻ ከተመለሰችበት ቀን ጀምሮ ዝም ያለችው ለምን እንደሆነ፣ አንድም ቀን በቆሎው አልነበረም ብላ ያላረፈችው ለምን እንደሆነ ገባኝ። እኔ እንደ ሸህ እንድሪስ አይደለሁም፤ መዋሸት እችላለሁ።

«ረጪዎቹ እሳቸው ዘንድ አልደረሱም» አልኳት። «በቆሎው ነው እንዳሉ ነው የሞቱት።»

«ወላሂ በል።»

«ወላሂ» አልኳት።

«አልሐምዱሊላህ» አለች እህቴ። «እንኳን እኔ መሆኔን እንዳመኑ ሞቱ።»

ከዚያ በኋላ ነው ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ለባሏ ያለቀሰችው።